ለሴት ተብሎ የሚወደድ ዕቃና በወር አበባ መጠበቂያ ላይ የሚጣል ታክስ፦ ሁለቱን ለይተን እንነጋገር

ሚዛን (ርእሱን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁም። «ሮዝ ታክስ» የሚለው አጠራር በየውይይቱ ይነሳል። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወሩ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ስለሚመስላቸው ክርክሩ መቋጫ ሲያገኝ አላየሁም። የመጀመሪያው ጉዳይ፣ ከወንዶቹ እምብዛም የማይለይ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለሴት ተብሎ ሲቀርብ ዋጋው ከፍ የሚልበት ልማድ ነው። ይህ በስሙ ታክስ ይባል እንጂ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባ ነገር የለውም፤ ልዩነቱ ተጠቅልሎ አምራቹና ሻጩ ዘንድ ይቀራል። ሁለተኛው ግን ትክክለኛ ታክስ ነው፤ ሴቶች ብቻ በሚጠቀሙባቸውና ሊተዉአቸው በማይችሏቸው የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያዎች ላይ በሕግ የተጣለ ተጨማሪ እሴት ታክስና የጉምሩክ ቀረጥ ነው።

በመጀመሪያው ጉዳይ ላይ ዘወትር የሚጠቀሰው የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2015 ያወጣው ጥናት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መሥሪያ ቤቱ በ35 ዓይነት የተከፈሉ 794 ዕቃዎችን፣ የወንዱንና የሴቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዋጋቸውን ሲያነጻጽር የሴቶቹ በአማካይ 7 በመቶ ተወድደው አግኝቷቸዋል፤ እንደ ሻምፖና መላጫ ባሉት የግል ንጽሕና ዕቃዎች ደግሞ ልዩነቱ 13 በመቶ ደርሷል። እኔን ከሁሉ አብልጦ ያሳዘነኝ የልጆቹ ክፍል ነው። አንድ ዓይነት የሕፃናት ስኩተር ቀዩ ለወንድ ልጅ፣ ሮዙ ለሴት ልጅ ተብሎ ቀርቦ፣ የሮዙ ዋጋ የቀዩ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ልጅቱ የቀለሙን ዋጋ የምትከፍለው ገና ቁጥር መቁጠር ሳትጀምር ነው ማለት ነው።

በሁለተኛው ጉዳይ የብሪታንያን ታሪክ እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚያ በ1973 ሲጀመር ፓድና ታምፖን (ወደ ሰውነት ውስጥ የሚገባው መጠበቂያ) እንደ ማንኛውም ዕቃ ታክስ ተጣለባቸው፤ በ2001 ምጣኔው ወደ 5 በመቶ ወረደ፤ ጨርሶ የቀረው በ2021 መጀመሪያ ነው። አየርላንድ በአንጻሩ የአውሮፓ የታክስ ደንብ ከመጽናቱ በፊት ዜሮ አድርጋው ስለነበር በያዘችው ለመቀጠል ችላለች። ኬንያ ደግሞ በ2004 ታክሱን በማንሳት ከብዙ ባለጸጋ አገሮች ቀድማለች። ስለዚህ ነገሩ የአቅም ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ ሕጉ ሲጻፍ ስለ ጉዳዩ የሚያነሳ ሰው በስብሰባው ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውም ጉዳይ ነው።

እናንተን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም? መፍትሔያቸውስ አንድ ሊሆን ይችላል?

ገበያ ተመልካች

ርእሱን ለይተው ስላቀረቡት አመሰግናለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚቀርቡት። ሆኖም በመጀመሪያው ክፍል ላይ ልቃወምዎት እገደዳለሁ። የኒውዮርኩ ጥናት ያነጻጸረው ተመሳሳይ የሚመስሉ ዕቃዎችን ነው፤ ተመሳሳይ መምሰልና ተመሳሳይ መሆን ደግሞ አንድ አይደሉም። ኋላ ላይ ኢኮኖሚስቶች በብዙ ሺህ የችርቻሮ ዕቃዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በአንድ አምራች ተሠርተው በውስጣቸው የያዙት ንጥረ ነገርም አንድ ዓይነት የሆኑትን ብቻ ለይተው ሲያነጻጽሩ፣ ሴቶቹን የሚጎዳ ወጥ የሆነ የዋጋ ልዩነት አላገኙም። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው የሴቶቹና የወንዶቹ ዕቃዎች የተሠሩበት ነገር ስለሚለያይ ነው።

ይህ ከሆነ ደግሞ «ለአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ዋጋ አይጠየቅ» የሚል ሕግ ቢወጣ የሚነካው እጅግ ጥቂት ዕቃ ነው። አምራቹ ሽታውን ወይም ቅርጹን ትንሽ ከለወጠ ሕጉ አይደርስበትም። ሸማቿም ብትሆን የወንዶቹን መላጫ ከመግዛት የሚከለክላት የለም። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ የመንግሥት ሥራ አድርጎ ማየት የሚከብደኝ። በታክሱ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ እዚያ ምርጫ የሚባል ነገር የለምና።

ሚዛን

የጠቀሱትን ጥናት አውቀዋለሁ፤ ውጤቱንም እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚያ ተነሥተው የደረሱበትን መደምደሚያ ነው። ጥናቱ የሚነግረን ልዩነቱ የሚደበቅበትን ቦታ ነው። አምራቹ ሁለት ዓይነት ዕቃ ለመሥራት የወሰነው ራሱ ነው፤ መደርደሪያውን በጾታ የከፈለው ሻጩ ነው፤ ሴቶች እንዲህ ዓይነት ሽታና እንዲህ ዓይነት መያዣ ይፈልጋሉ ብሎ ለዓመታት ያስተዋወቀውም ያው ኩባንያ ነው። ከዚያ በኋላ «ዕቃው ስለሚለያይ ዋጋውም ተለያየ» ሲባል፣ ዕቃው ለምን ተለያየ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይታለፋል።

የወንዶቹን መግዛት ትችላለች ያሉት ለመላጫ ይሠራል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት የማደርገው እሱኑ ነው። ለልብስ፣ ለጫማ፣ ለፀጉር አስተካካይ ግን አይሠራም።

የልብስ ንጽሕና ቤት ደንበኛ

ስለ አገልግሎት ከተነሣ የራሴን ገጠመኝ ልጨምር። ለሥራ የምለብሰው ነጭ ሸሚዝ ከባለቤቴ ሸሚዝ ጋር አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው፤ እንዲያውም የእኔ ትንሽ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማሳጠብና ለማስተኮስ ሰጥቼ ሒሳቡ ሲመጣ የእኔ በግልጽ ይበልጣል። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ የመተኮሻ ማሽኑ የተሠራው በወንዶች ሸሚዝ ልክ ስለሆነ የሴቶቹ በእጅ ይተኮሳሉ የሚል ነበር። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ማሽኑን ሄጄ አይቼዋለሁ። ያስጨነቀኝም እውነት መሆኑ ነው። ሠራተኛዋ አላታለለችኝም፣ ባለቤቱም ሆን ብሎ ሊበድለኝ አልፈለገም፤ ነገር ግን ማሽኑን የነደፈው ሰው የማንን ሰውነት እንደ ልክ በመያዙ እኔ በየሳምንቱ እከፍላለሁ።

የሕግ መምህር

ከላይ ያለው ገጠመኝ ካሊፎርኒያ በ1995 ካወጣችው ሕግ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ያ ሕግ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት በጾታ ምክንያት ብቻ የተለያየ ዋጋ መጠየቅን ይከለክላል፤ ሥራው የሚወስደው ጊዜ፣ ክብደቱ ወይም ወጪው ሲለያይ ግን ዋጋው እንዲለያይ ይፈቅዳል። ፀጉር አስተካካዮች፣ ልብስ ሰፊዎችና የልብስ ንጽሕና ቤቶች የዋጋ ዝርዝራቸውን ደንበኛው በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉም ያስገድዳል። ስለዚህ «የሴት ፀጉር ቆረጣ» የሚል ዋጋ መለጠፍ አይቻልም፤ «ረጅም ፀጉር» ወይም «አጭር ፀጉር» ብሎ መለጠፍ ግን ይቻላል። ረጅም ፀጉር ያለው ወንድም የረጅሙን ይከፍላል፤ ይህ ፍትሐዊ ነው።

ኒውዮርክ ግዛት በ2020፣ ካሊፎርኒያም በ2023 ክልከላውን ወደ ዕቃዎች አስፋፍተዋል። እዚህ ላይ «ገበያ ተመልካች» ያነሡት ችግር ትክክለኛ ነው፤ ሕጎቹ የሚመለከቱት በመሠረቱ ተመሳሳይ የሆኑ ዕቃዎችን ስለሆነ አምራቹ ትንሽ ለውጥ አድርጎ ሊያመልጥ ይችላል። ይሁንና የማስረጃ ሸክሙ ወደ ማን እንደሚያዘነብል መዘንጋት የለበትም፤ ሕጉ ካለ ነጋዴው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ለማስረዳት ይገደዳል፣ ከሌለ ግን የሚጠይቀው ሰው እንኳ አይኖርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሴቶች በዓመት 1,351 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላሉ የሚለው ቁጥር በየጽሑፉ ሲደጋገም ታያላችሁ። ይህ ቁጥር የመጣው ከዚያ የካሊፎርኒያ ሕግ በፊት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ስለ አገልግሎት ዋጋ ከተሠራ ግምት ነው። ዛሬ የሚጠቅሱት ሰዎች ስለ ሸቀጥ ሲያወሩም፣ ስለ ሌላ አገር ሲያወሩም ይጠቀሙበታል። ጥሩ አቋም በተሳሳተ ቁጥር ላይ ሲቆም ተቃዋሚው ቁጥሩን ብቻ አፍርሶ አቋሙን ያፈረሰ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ እባካችሁ እንተወው።

የሒሳብ መዝገብ

ሙያዬ የታክስ ሒሳብ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ክፍል ልግባ። «ታክሱ ይነሣ» የሚለው መፈክር ሳይብራራ ከቀረ ሴቶቹን ሳይጠቅም ሊቀር እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። አንድን ዕቃ ከተጨማሪ እሴት ታክስ የማውጣት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ «ከታክስ ነፃ» ማድረግ ነው፣ ሌላው «በዜሮ ምጣኔ» ታክስ እንዲጣልበት ማድረግ ነው። ሲሰሙት አንድ ይመስላሉ፤ በመዝገብ ላይ ግን ሰፊ ልዩነት አላቸው።

በምሳሌ ላስረዳ። የታክሱ ምጣኔ 15 በመቶ ነው እንበል። አንድ የፓድ አምራች ጥሬ ዕቃ በ60 ይገዛል፣ በላዩ 9 የግብዓት ታክስ ይከፍላል፤ ሠርቶ ዕቃውን በ100 ሲሸጥ 15 ታክስ ጨምሮ ከገዢው 115 ይቀበላል። ከ15ቱ ላይ አስቀድሞ የከፈለውን 9 ቀንሶ 6 ለታክስ ባለሥልጣኑ ያስገባል። ዕቃው አሁን «ከታክስ ነፃ» ቢደረግ አምራቹ ከገዢው ታክስ አይሰበስብም፤ ነገር ግን የከፈለውን 9 የሚያካክስበት መብትም አብሮ ይነሣበታል። ስለዚህ 9ኙ ወጪ ሆኖበት ኪሳራ እንዳይገጥመው ዕቃውን በ109 ይሸጣል። ገዢዋ 15 ይቀንስልኛል ብላ ስትጠብቅ የቀነሰላት 6 ብቻ ነው። «በዜሮ ምጣኔ» ቢሆን ኖሮ ግን አምራቹ 9ኙን ተመላሽ ጠይቆ ስለሚቀበል በ100 ሊሸጥ ይችላል።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ተሠርቶ ያለቀ ፓድ ከውጭ የሚያስገባ ነጋዴ ዕቃው ነፃ ከሆነለት ድንበር ላይ ታክስ አይከፍልም፤ የላኪው አገርም ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ የግብዓት ታክሱን አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል። ስለዚህ አስመጪው በ100 ሲሸጥ የአገር ውስጡ አምራች በ109 ለመሸጥ ይገደዳል። ሕንድ በ2018 በፓድ ላይ የነበረውን 12 በመቶ ታክስ ስታነሣ ያደረገችው ነፃ ማድረጉን ስለነበር፣ የአገር ውስጥ አምራቾች የግብዓት ታክሳቸውን ማካካስ እንዳልቻሉ አንሥተው ቅሬታ አቅርበዋል። ደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ በ2019 ፓድን በዜሮ ምጣኔ ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች።

ዜሮ ምጣኔም ቢሆን እንቅፋት አለው። ተመላሹ በወቅቱ ካልተከፈለ የአምራቹ ገንዘብ ለወራት ታስሮ ይቆያል፤ ትልቅ ፋብሪካ ይህን ይችላል፣ ትንሽ አምራች ግን አይችልም።

የልብስ ስፌት ባለሙያ

ወንድማችን «የሒሳብ መዝገብ» የጻፉት በቀጥታ የእኔን ሥራ የሚመለከት ነው። እየታጠበ በድጋሚ የሚያገለግል የጨርቅ ፓድ እሰፋለሁ። የታክስ ውይይት በተነሣ ቁጥር ሰዎች የሚያስቡት ተጠቅመው የሚጥሉትን ፓድ ብቻ ነው። እኔ ጨርቁን ስገዛ ጨርቅ ተብሎ ይታከሳል፤ ውኃ የማያሳልፈውን ውስጠኛ ሽፋን ስገዛ እንደ ሌላ ዕቃ ይታከሳል፤ ቁልፉም ክሩም እንዲሁ። ከተመዘገቡት ታክስ ከፋዮች ተራ ያልደረስኩ ስለሆንኩ የማካካስም የመጠየቅም መብት የለኝም። ስለዚህ ያለቀው ፓድ ዜሮ ቢባልም እኔ የከፈልኩት አይመለስልኝም።

ብሪታንያ ታክሱን በ2021 ስታነሣ በወር አበባ ጊዜ የሚለበሱትን ልዩ የውስጥ ልብሶች ልብስ ናቸው በማለት ትታቸው ነበር፤ እነሱ ነፃ የወጡት በ2024 መጀመሪያ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ለዚያው ጉዳይ የምትገዛው ዕቃ የሚጣል ሲሆን ያልታከሰ፣ የሚታጠብ ሲሆን የታከሰ ሆኖ ቆየ። ሕግ አውጪ ዝርዝር ሲጽፍ የዕቃውን ስም ሳይሆን ጥቅሙን ቢጽፍ ይህ ሁሉ ባልተፈጠረ ነበር። ገንዘብ የሚቸግራት ሴት ደጋግማ የምትጠቀምበትን ብትመርጥ ይበጃት ነበር፤ ውኃና ማድረቂያ ቦታ ካላት ማለቴ ነው፣ እሱ ከሌላት ግን ምክሩ አይጠቅማትም።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ታክስ ሁሉም ሰው በሚገዛው ነገር ላይ አለ። ወንዶች የሚገዙት ምላጭም ይታከሳል። ታዲያ በፓድ ላይ ያለው ታክስ በሴቶች ላይ የተደረገ አድልዎ የሚባለው በምን መሠረት ነው?

የሕግ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፍርድ ቤቶችም የተጨነቁበት ነው። የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2018 የመለሰው መልስ ከሁሉም የጠራ ይመስለኛል። በፓድና በታምፖን ላይ የነበረው 5 በመቶ ታክስ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ሁለት ነገር አያይዞ ተመልክቷል፦ ዕቃዎቹን የሚጠቀሙት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ በሌላ ነገር ሊተኩም አይችሉም። ሁለቱ ሲገናኙ ታክሱ የሚወድቀው በዕቃው ላይ መስሎ በሰውነት ላይ ይሆናል። ምላጭ ሁለቱንም አያሟላም፤ ጢም ማሳደግ ይቻላል፣ ምላጭም ሁለቱም ጾታዎች ይገዙታል። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ ዕቃዎቹ እንዲገቡ ያዘዘው በዜሮ ምጣኔ ከሚስተናገዱት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ «የሒሳብ መዝገብ» ያሉትን ልዩነት ዳኞቹ ተረድተውታል ማለት ነው።

በጉምሩክ ቀረጥ ላይ ግን ነገሩ የተወሳሰበ ነው። የአሜሪካ የቀረጥ ሰሌዳ ብዙ ልብሶችን የወንድና የሴት ብሎ ይለያል፤ በ2015 በአማካይ ሲታይ የሴቶች ልብስ ወደ 15 በመቶ፣ የወንዶች ወደ 12 በመቶ ይቀረጥ ነበር። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት እስከ ይግባኝ የደረሰው የታወቀው ክርክር የቀረበው ስለ ጓንት ነበር፤ በዚያ ጉዳይ ደግሞ የተጎዳው የወንዶቹ ነበር፣ የወንዶች የቆዳ ጓንት 14 በመቶ፣ የሌሎች 12.6 በመቶ ይቀረጥ ነበርና። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 ልዩነቱ በሰሌዳው ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ሕግ አውጪው ሆን ብሎ ለማድላት መፈለጉ መረጋገጥ አለበት በማለት ክሱን ውድቅ አድርጎታል። ይህ ውሳኔ ነው የሴቶቹንም መንገድ የዘጋው፤ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት የተጻፈን ሰሌዳ የጸሐፊውን ሐሳብ ማን ሊያረጋግጥ ይችላል?

ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንደማያዘነብልም ማስታወስ ይገባል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ለሴቶች ብቻ ይደረግ የነበረን የመኪና እጥበትና የምሽት ክበብ ቅናሽ የከለከለው አንድ ወንድ ከስሶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2011 የመድን አረቦን በጾታ እንዳይለይ ሲወስን፣ ከወንዶቹ ያነሰ የመኪና መድን ይከፍሉ የነበሩ ወጣት ሴቶች ያን ጥቅም አጥተዋል። እኔ በበኩሌ ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋ በጾታ መለየት የለበትም የምንል ከሆነ ሲጠቅመንም መለየት የለበትም።

ገበያ ተመልካች

የመጨረሻው አንቀጽዎ ከልብ አስደስቶኛል። አሁን ደግሞ ታክሱ ሲነሣ ቅናሹ ወደ ማን ይሄዳል የሚለውን እናንሣ፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ታንዛንያ በ2018 ታክሱን አንሥታ በ2019 መልሳ ጥላዋለች፤ የተሰጠው ምክንያት የችርቻሮ ዋጋው ስላልቀነሰ ሸማቾቹ አልተጠቀሙም የሚል ነበር። ጀርመን በ2020 መጀመሪያ ምጣኔውን ከ19 ወደ 7 በመቶ ስታወርድ አንዳንድ አምራቾች ያንኑ ጊዜ ጠብቀው ዋጋቸውን ጨምረዋል። በብሪታንያም ታክሱ ከተነሣ በኋላ ዋጋውን የተከታተሉ ሰዎች የታምፖን ዋጋ በታክሱ ልክ እንዳልወረደ አሳይተዋል። በአንጻሩ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ በ2005 የሽያጭ ታክሱን ስታነሣ ቅናሹ ለሸማቾች እንደደረሰ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውንም ይበልጥ እንደጠቀመ ተጠንቷል።

በእኔ ግምት ልዩነቱን የፈጠረው ታክሱ የሚታይበት መንገድ ነው። በኒው ጀርሲ የሽያጭ ታክስ በመደርደሪያው ዋጋ ላይ አይካተትም፤ ሒሳብ ሲከፈል ለብቻው ተጽፎ ይደመራል፣ ስለዚህ ሲነሣ ገዢዋ በደረሰኝዋ ላይ ታየዋለች። ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን በመደርደሪያው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሲነሣ ሻጩ ቦታውን በራሱ ትርፍ ቢሞላው የሚያውቅበት የለም።

አባት

ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ለረጅም ጊዜ ይህን ጉዳይ የእናታቸው ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። ባለቤቴ ሥራ በዝቶባት የቤቱን ግዢ ተረክቤ ለአራት ሴቶች በየወሩ ፓድ መግዛት ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። ባልገዛው የሚቀር ወጪ አይደለም፣ ወደ ሌላ ጊዜ ልገፋውም አልችልም። እኔ ገቢ ያለኝ ሰው ነኝ። ገቢ የሌለው አባት ልጁ ከትምህርት ቤት ስትቀር ለምን እንደቀረች እንኳ ላይነገረው እንደሚችል ሳስብ ያመኛል።

ታክሱ ተነሣ ማለት ለእንደዚህ ያለ ቤት ዕቃው በእጅ ገባ ማለት አይደለም። ስኮትላንድ በ2020 ያወጣችው፣ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮችና የትምህርት ተቋማት ለሚያስፈልጋት ሁሉ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከታክሱ ይልቅ ወደዚያ መሄድ አይሻልም ወይ?

ሚዛን

አባታችን፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ብለው በግልጽ የሚናገሩ አባቶች ሲበዙ ልጆቻቸውም ለመጠየቅ አያፍሩም። በነፃ ማቅረቡ ለተቸገሩት ቅድሚያ እንዲሰጠው እስማማለሁ። ታክሱን ግን በእሱ ልንተካው አንችልም። ብሪታንያ ታክሱን ከማንሳቷ በፊት ከ2015 ጀምሮ የሚሰበሰበውን ገንዘብ የሚያህል፣ በዓመት 15 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሴቶች የበጎ አድራጎት ሥራ ትመድብ ነበር። ብዙዎች በደግነት ቢያዩትም እኔን እስከ ዛሬ አላሳመነኝም፤ ጥቃት የደረሰባትን ሴት የመርዳት ግዴታ የኅብረተሰቡ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ወጪው ከሌሎች ሴቶች የወር አበባ ላይ እንዲሰበሰብ የሚደረገው ለምንድን ነው?

ጀርመን ስለተነሣች ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። በ2019 አንድ ድርጅት ታምፖኖችን በመጽሐፍ ውስጥ አሽጎ ሸጧል፤ መጽሐፍ 7 በመቶ፣ ታምፖን ግን 19 በመቶ ይታከስ ስለነበር። ለሕግ አውጪዎቹ ከብዙ ሰልፍ ይልቅ ያ መጽሐፍ ሳያስረዳቸው አልቀረም።

ከውይይታችን የራሴን አቋም በሁለት ቦታ አስተካክያለሁ። ስለ ዕቃዎች ዋጋ ሳወራ «ለአንድ ዓይነት ዕቃ» የሚለውን ትቼ፣ አምራቹ ልዩነቱን እንዲያስረዳና ዋጋው በመጠን፣ ለምሳሌ በመቶ ሚሊ ሊትር ወይም በአንድ ፍሬ፣ ተጽፎ በሁለቱም መደርደሪያ ላይ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። ስለ ታክሱ ደግሞ «ይነሣ» ከማለት ይልቅ «በዜሮ ምጣኔ ይሁን፣ የሚታጠበውንም ይጨምር» እላለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሻጩ ቅናሹን እንዳይውጠው ምን ማድረግ ይቻላል?

የሒሳብ መዝገብ

ዋናው ሥራ ታክሱ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ ነው። ከተነሣ በኋላ «ዋጋው አልቀነሰም» ብሎ መክሰስ ከባድ የሚሆነው የቀድሞውን ዋጋ የመዘገበ ሰው ስለማይኖር ነው። ውሳኔው ከተሰማበት ቀን ጀምሮ፣ ቢቻልም ከዚያ በፊት፣ የሚከተለውን መመዝገብ ያስፈልጋል፦ የዕቃው መለያ፣ በእሽጉ ውስጥ ያለው ፍሬ ብዛት፣ ታክሱን ጨምሮ የተከፈለው ዋጋ፣ ቀኑ። የፍሬው ብዛት እንዳይረሳ፤ ዋጋው ሳይነካ እሽጉ ከ10 ወደ 8 ሊወርድ ይችላልና። ደረሰኝ ካለ ፎቶ ይነሣ።

ሁለተኛ፣ ብቻውን የተመዘገበ የፓድ ዋጋ ብዙ አይናገርም፤ የዋጋ ንረት አለ፣ የትራንስፖርት ወጪ አለ። ስለዚህ ታክሱ ያልተነሣላቸውን፣ ጥሬ ዕቃቸውና መንገዳቸው ተመሳሳይ የሆነ ዕቃዎች አብሮ መመዝገብ ይገባል። የሕፃናት ዳይፐር ለዚህ የተመቸ ነው፤ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብም ከ2012 ጀምሮ ከፓድና ከታምፖን ጋር በአንድ አንቀጽ ቁጥር 9619 ሥር ነው የሚገኘው። ዳይፐሩ 10 በመቶ ተወድዶ ፓዱ ባለበት ከቆመ ቅናሹ በከፊል ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለቱም እኩል ከተወደዱ ግን ሻጩ ወስዶታል። «የልብስ ስፌት ባለሙያ» እህታችንም የጨርቁንና የውስጠኛውን ሽፋን መግዣ ዋጋ ከአሁኑ ቢመዘግቡልን፣ ያልተመዘገበ ትንሽ አምራች የሚሸከመው የግብዓት ታክስ ስንት እንደሆነ በአኃዝ ማሳየት እንችላለን። የመመዝገቢያ ሠንጠረዡን እኔ አዘጋጅቼ ነገ ማታ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ።

የልብስ ስፌት ባለሙያ

የያዝኩት ደረሰኝ የስምንት ወር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አልያዝኩም። ሠንጠረዡ ሲደርሰኝ ከመጀመሪያው ግዢ ጀምሬ አስገባዋለሁ። ቁልፉን በደርዘን፣ ጨርቁን በሜትር ነው የምገዛው፤ ለአንድ ፓድ ስንት እንደሚደርስ አብረን እናስላው።